ወደ ኋላ የሚሄድ ድንጋይ

ሰው በማይችለው ነገር ቢያፍር ማንም አይፈርድበትም። እኔ ያፈርሁት ግን እችላለሁ ብዬ በተናገርሁት ነው፤ ያውም ሳልጠየቅ። ዝም ያለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። የእኔ አፍ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ኖሮ፣ የተከፈተ ዕለት ዝንቡ ብቻ ሳይሆን ዝንጀሮው ሁሉ ገባበት።

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። መጽሐፍ አበድራለሁ፣ መጽሐፍ እቀበላለሁ፣ በመሀል ያለውን ጊዜ አነባለሁ። የሚያየኝ ሰው ከወንበር ጋር አብሬ የተወለድሁ ይመስለዋል። ነገር ግን ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለት ከመምህሬ ቁመት የሚጎድለኝ ጥቂት ስለነበር፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኔ እየመጡ “አደራ፣ ይቺ ልጅ ታለቅሳለች” ይሉኝ ነበር። እኔም “እሺ” ብዬ ተቀብዬ፣ ከልጆቹ ጋር አብሬ ወለሉ ላይ ስቀመጥ ያዩኝ እናቶች ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜዬ ያለቀው ማማ ላይ ነው። ከተማ ለተወለዳችሁት፣ ማማ ማለት እህል ሲያሸት ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቆሚያ ነው። እግሬ ሥር የድንጋይ ክምር፣ እጄ ላይ ወንጭፍ። ጎበዝ ነበርሁ። ከዚህ ሌላ በሕይወቴ የምኮራበት ነገር የለኝም፤ እሱንም ማቆየት አልቻልሁም።

መስከረም ሲያልቅ፣ አንድ ቅዳሜ አጎቴን አያ ይመርን ልጠይቅ ወጣሁ። አያ ይመር የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። መንደራቸው ገደል አፋፍ ላይ ናት፤ ገደሉ ደግሞ የዝንጀሮ አገር ነው። ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸውን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮላቸዋል። አጠገባቸው አያ ደምሴ የሚባሉ ጎረቤታቸው ተቀምጠዋል። አያ ደምሴ የጥበቃው ዳኛ ናቸው፤ ሲስቁ ያየ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

በዚያ መንደር ገብስ የሚጠበቀው በዙር ነው። ማሳቸው የተያያዘ ቤቶች ተራ በተራ አንድ ወንጭፈኛ ያቆማሉ፤ የቆመው ሰው የሁሉንም ማሳ ይጠብቃል። የሚያቆመው ሰው የሌለው ከዙሩ ይወጣል። ከዙሩ ለወጣ ማሳ ማንም ወንጭፍ አያነሣም፤ ዝንጀሮ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዜና ከሰው ቀድሞ ይሰማል። የአያ ይመር ልጆች ዓረብ አገር ናቸው። ገብሱ የዓመት ቀለባቸው ነው።

“እንግዲህ ይመር፣ ተራህ ሲደርስ ማን ይቁም?” አሉ አያ ደምሴ።

“አላህ ያውቃል።”

“አላህማ ያውቃል። ዝንጀሮውም ያውቃል። ያላወቅነው እኛ ነን።”

አያ ይመር የታሰረ ክንዳቸውን ተመለከቱ። ይህን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

“እኔ እቆማለሁ” አልሁ። “ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ተራቸው በቅዳሜ ይደረግላቸው።”

ሁለቱም ሽማግሌዎች፣ ሰው መሆኔን ገና እንዳወቁ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

“ዝንጀሮ ሴት ይንቃል” አሉ አያ ደምሴ።

“ኮቴን ትለብሳለች” አሉ አጎቴ፤ ፊታቸው በርቷል። “ደግሞ እሷን እንደ ሌላ ሴት አትያት ደምሴ። በልጅነቷ የምትበር ወፍ ቀኝ ክንፏን መርጣ የምትመታ ናት።”

ይህ ሐሰት ነው። ወፏ ቆማ ነበር፤ የመታሁትም ቅርንጫፉን ነው። እኔ ርእሰ መምህሩ ማስታወቂያ ሲለጥፉ እስክሪብቶ ይዤ የምሄድ፣ ያለ ቦታው የገባ የሰው ነጠላ ሰረዝ የማያስተኛኝ ሴት፣ ይህን አላረምሁም። አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልሁ። ትሕትና መስሏቸው ይሆናል።

“ደግ” አሉ አያ ደምሴ። “ከሁለት ሳምንት በኋላ እጇን ታሳያለች።”

እጅ ማሳየት የአገሩ ደንብ ነው። ለዙሩ አዲስ የሆነ ሰው፣ ካስማ ላይ ቅል ተሰቅሎለት ሦስት ድንጋይ ይሰጠዋል። በአንዱ ካገኘ ገባ፤ ከሳተ ሌላ ሰው ፈልግ ይባላል። አጎቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ሰው የላቸውም።

ከተማ ተመልሼ ልምምድ ጀመርሁ። የዛሬ ልጆች ወንጭፍ የሚጎነጉኑት በማዳበሪያ ጆንያ ክር ነው። እኔ ግን ቃጫ ካልሆነ ብዬ ገበያውን አስጨንቄ፣ ክንዴን ለክቼ፣ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ራሴ ጎነጎንሁት። ለድንጋዩማ ወንዝ ወረድሁ። እንቁላል የሚያህል፣ ለስላሳ፣ አንዱ ከአንዱ በክብደት የማይበላለጥ እየመረጥሁ ሻንጣ ሞላሁ። ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት “ምን ጠፋብሽ እህቴ?” ብትለኝ “የእጅ ሥራ ነው” አልኋት። እውነት ነው፤ ሐሰት መናገር አልወድም።

ልምምዱን ያደረግሁት ንጋት ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ነው። በምሥራቅ በኩል ሰው የማይኖርበት ሜዳ አለ፤ በምዕራብ፣ ከጀርባዬ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፤ ከአጥሩ ወዲያ ቤቶች። ጥንቁቅ ሰው ስለሆንሁ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ። ወንጭፉን አሾርሁ፤ ትከሻዬ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የመጋዘን በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ለቀቅሁት።

ፊት ለፊት አየሁ። ድንጋዩ የለም።

ከወዲያ፣ ከጀርባዬ ርቆ፣ አንድ ቆርቆሮ ጓ አለ። በዚህ ሰዓት የሰው ጣሪያ የሚመታ ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብዬ አዘንሁ። ከቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ ከሚገነጥሉት ልጆች አንዱ ይሆናል ብዬም ሦስት ስም ጠረጠርሁ። ሁለተኛውን ወረወርሁ፤ ፊት ለፊት የለም። ጓ። ሦስተኛውን ወረወርሁ፤ የለም። ጓ።

እናንተ ይህን ስታነቡ ነገሩ ወዲያው ገብቷችኋል። እኔ ግን የተማርሁ ሰው ነኝ። የወረወርሁት ወደ ምሥራቅ፣ ድምፁ የሚመጣው ከምዕራብ፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ይልቅ ሜዳውን እየዞርሁ ድንጋዬን ፈለግሁ። በቅርብ የለም። ራቅ ብዬ ፈለግሁ፤ የለም። ከሜዳው ወዲያ እስካለው ቦረቦር ሄድሁ፤ የለም። ከዚህ በመነሣት፣ ከልጅነቴም ይልቅ አሁን አርቄ እንደምወረውር ደመደምሁ። ለካ ጉልበት እንደ መጽሐፍ ነው፤ ሳይነካ ሲቀመጥም አያረጅም አልሁ። ለአጎቴ ስልክ ደወልሁ።

“አያ ይመር፣ እጄ ተመልሷል። እንዲያውም ድንጋዩ ከዓይን ይሰወራል።”

“አጂብ ነው” አሉ። “ከዓይን ይሰወራል?”

“ፈልጌ አላገኘሁትም።”

“ሰማህ ደምሴ? ፈልጋ አላገኘችውም።”

“አያ፣ ለሰው አይንገሩ።”

“ማን ነገረ። አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል እንጂ።”

ሳምንቱን ሙሉ ንጋት ንጋት እየወረወርሁ፣ በደስታ ሳልም ሰነበትሁ። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የሚኖሩት እትዬ ዘምዘም ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ፣ አንደበታቸው የማይደክም ሴት ናቸው።

“አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ነይና እይልኝ” አሉ። “ቤቴን ጅኒ ይዞታል። ንጋት ንጋት ድንጋይ ይዘንብብኛል።”

“እትዬ፣ ልጆች ይሆናሉ” አልሁ፤ የጠረጠርኋቸው ሦስቱ ስሞች ምላሴ ላይ ነበሩ።

“ልጅ እንዲህ አይመርጥም። ነይ።”

ሄድሁ። ከአልጋቸው ሥር ሰፌድ ሳቡ። ሰፌዱ ላይ ድንጋዮቼ ተኝተዋል። እንቁላል የሚያህሉ፣ ለስላሳ፣ አንዱ ከአንዱ በክብደት የማይበላለጥ።

“አየሽልኝ?” አሉ እትዬ ዘምዘም፣ አንዱን አንሥተው መዳፌ ላይ እያስቀመጡ። “የሰው ልጅ ለውርወራ ብሎ ይህን ሁሉ አይደክምም። ድንጋይ አግኝቶ ይወረውራል እንጂ ማን መርጦ፣ ማን አጥቦ ይወረውራል? ይህ የሰው ሥራ ነው?”

“አይመስልም” አልሁ። ድንጋዩ እጄ ላይ ከበደኝ። ምሥራቅና ምዕራብ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው።

“ነገ ዱዓ አስደርጋለሁ። ሙክት ገዝቻለሁ። ሰፈሩን ጠርቻለሁ፤ አንቺም እንዳትቀሪ።”

መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ። አጎቴ ቤት ያለ ልኩ የተከፈተው አፍ አሁን “ምን ላግዝዎ?” ብቻ አለ። በማግሥቱ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስከትፍ ዋልሁ፤ ዕንባዬም ምክንያት አገኘ።

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ፣ ቤቱ ሞላ። ሼሁ እርጋታ ያላቸው፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። እኔ ግራዬን ዘረጋሁ፤ ቀኜን ከነጠላዬ ሥር ደበቅሁ።

“ያ አላህ፣ ይህችን ባልቴት የሚያውካትን አርቅላት።”

“አሚን።”

“ጅኒም ይሁን ሰውም ይሁን፣ የወረወረውን እጅ አድርቅልን።”

“አሚን” አለ ሰፈሩ፣ ሙክቱ የጣፈጠው ሰፈር በሚያወጣው ድምፅ።

እትዬ ዘምዘም በክርናቸው ጎሰሙኝ። “በአንድ እጅ ዱዓ የት አየሽ? ቀኝሽን ዘርጊ።”

ዘረጋሁ።

“ድምፅሽንም አውጪው እንጂ። ለራስሽ ነው የምትነግሪው?”

“አሚን” አልሁ። ለራሴ ነበር የምነግረው።

ሰው ሲበተን፣ ዕቃ ሳጥብ ቆይቼ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ወንጭፉን፣ ቅሉን፣ የአጎቴን ገብስ። ጉንጬ ነደደ፤ ወለሉን እያየሁ ነበር የማወራው።

“ጨረስሽ?” አሉ።

“ጨረስሁ። ይቅር ይበሉኝ። ነገ ሰፈሩን ዞሬ እናገራለሁ።”

“ማንን ነው የምትነግሪ?”

“ሁሉንም።”

“ስሚኝ ልጄ። ሙክት አርጃለሁ። ሼህ ጠርቻለሁ። ለአሥራ ምናምን ጎረቤት ‘ጅኒ ያዘኝ’ ብዬ አልቅሻለሁ። አሁን ‘ጅኒ አይደለም፣ መጽሐፍ የምታበድረው ልጅ ናት’ ልበል? እኔ በዚህ ሰፈር መኖር አልችልም በይኛ።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ጅኒ ነው” አሉ ቁርጥ አድርገው። “ዱዓው ደርሶ ሄዷል። ከነገ ጀምሮ አንዲት ድንጋይ ጣሪያዬ ላይ ብትወድቅ ግን ሼሁን ዋሾ ታደርጊያቸዋለሽ፤ እኔንም እብድ።”

በዚህ ሁኔታ ልምምዴ አበቃ። ምክንያቱን ለማንም መናገር አልችልም፤ መወርወርም አልችልም። በየመንገዱ ጎረቤት ሲያገኘኝ “አየሽ የዱዓን ነገር፣ ጸጥ አለ እኮ” ይለኛል። “ጸጥ አለ” እላለሁ።

የቀጠሮው ቅዳሜ ደረሰ። መንደሩ ደጅ ወጥቶ ይጠብቀኛል፤ ከከላላ በኩል የመጡ እንግዶች ሁሉ አሉበት። አያ ይመር የዓመት በዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል። ኮታቸውን አለበሱኝ፤ እጅጌው ጣቴን ዋጠው።

“አያ” አልኋቸው በጆሯቸው፣ “ያ ከዓይን የተሰወረው ድንጋይ…”

“እእ?”

“የተሰወረው ወደ ኋላ ስለሄደ ነው።”

አጎቴ ፈገግታቸውን ሳይለውጡ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ “ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል” አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው “ሁሉም?” አሉ።

“ሁሉም።”

ቅሉ ካስማ ላይ ተሰቀለ። ሰው ሁሉ፣ እንደ ደንቡ ለጥንቃቄ ብሎ፣ ከጀርባዬ ቆመ። ዞሬ “እባካችሁ ወዲያ በሉ” ማለት ነበረብኝ፤ ግን ወንጭፈኛ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? አሾርሁ፤ ለቀቅሁ። ከኋላዬ “ያረቢ” የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ። ዞር ስል መንደሩ በሙሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ቆመው የቀሩት አያ ደምሴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ጥምጣማቸው ወልቋል።

ሰዉ አቧራውን እያራገፈ ወደ ጎንና ጎን ሸሸ። በሁለተኛው፣ ስሕተቴን ላርም ብዬ ቀድሜ ለቀቅሁት። ይኸኛው ሽቅብ ሄደ። ሁላችንም አንጋጠን ቆየን። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ዝምታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ፣ አጎቴ ደጅ የተቀመጠው ውኃ የሞላ ጀሪካን ላይ ወረደና ወገቡን ቀደደው።

ለሦስተኛው ሰው የት እንደሚቆም ግራ ገባው። “ከወደ ኋላ አይሆንም” አለ አንዱ። “ጎኑስ ምን ዋስትና አለው?” አለ ሌላው። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ሁለቱንም አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሄዳ ቅሉ አጠገብ ቆመች። ወዲያው ሌሎቹ ተከተሏት። እንግዶቹም ሄዱ። መንደሩ ተጠጋግቶ ቅሉን ከብቦ፣ አንዱ ካስማውን ተደግፎ፣ በሰላም ያየኝ ጀመር።

አፈርሁ ብል አይገልጸውም። ማሳው፣ ገደሉ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝ። አያ ይመር ብቻ አላዩኝም፤ ገብሳቸውን ነበር የሚያዩት። ይህን ሳይ ዓይኔን ጨፍኜ ወረወርሁ።

ድንጋዩ ወደ ግራ፣ ማንም ወዳላሰበው ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደ። እዚያ፣ ዘወትር የሚቀመጡበት ቦታ ላይ፣ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው ትርዒቱን ያዩ ነበር። መሀላቸው ወደቀ። አንድም አልነካም፤ ነገር ግን ጩኸታቸው ገደሉን ሞላው፤ ግልገል ያዘሉት ሳይቀሩ ወደ ታች ተደረመሱ።

አያ ደምሴ ጥምጣማቸውን ቀስ ብለው ጠመጠሙ።

“ቅሉን አልመታችም” አሉ።

“አልመታችም” አሉ አጎቴ።

“በዚያ ቦታ ዝንጀሮ ሲሸሽ ግን አይቼ አላውቅም። እነዚህ ርኩሶች የሁላችንን ክንድ ለክተዋል። የእኔ ድንጋይ የት እንደሚያልቅ ያውቃሉ፤ የአንተንም ያውቁ ነበር። ከዚያ አንድ ክንድ አለፍ ብለው ተቀምጠው ያዩናል። የእሷን ግን የት ያውቁታል? እሷም አታውቀው።”

ሰዉ ሳቀ። አያ ደምሴ አልሳቁም።

“ይመር ከዙሩ አይወጣም” ብለው ፈረዱ። “የእሷ ተራ ዕለት ግን ከብት ይራቅ፤ ልጅ ይከተት፤ ቆርቆሮ ያለው ጸሎቱን ያድርስ።”

ይህን የመሰለ ምስክር ወረቀት ይዤ ሥራ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ማሳው ስወርድ፣ ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን እየነዱ ሽቅብ ሲያልፉኝ “አብሽሪ፣ ለጥንቃቄ ነው” ይሉኛል። ዝንጀሮዎቹ መጡ፤ አንዴ አሾርሁ፤ ሸሹ። ሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። አያ ይመር በደኅናው እጃቸው ቆሎ ያቀብሉኛል፤ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ “የእህቴ ልጅ ናት” ይላሉ፤ እኔ የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ እስባለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ነቁብኝ። ትልቁ ወንድ፣ ደረቱ የቀላው፣ ብቻውን ከገደሉ ወጣ። ማሳው ጠርዝ ላይ ቆሞ አየኝ። አነጣጠርሁበት፤ ወረወርሁ፤ ድንጋዩ ከእሱ ርቆ ሌላ ቦታ ወደቀ። ዞሮ የወደቀበትን አየ፤ ተመልሶ እኔን አየ። ደግሜ ወረወርሁ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ተቀመጠ፤ ድምፅ አሰማ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ አጠገቡ ተሰበሰበ። ለካ ዝንጀሮም ሰውን አጥንቶ ይማራል። አንዷ እጇን ዘርግታ የአጎቴን ገብስ ዛላ ሳብ አደረገች።

“ደግሚ” አሉ አያ ይመር፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። “ደግሚ ልጄ።”

ደገምሁ። አልተነቃነቁም። ዓይኔ ውኃ ሞላ። አያ ደምሴ ከወዲያኛው ማሳ ሆነው ሲመለከቱ ቆይተው፣ በተቻላቸው መጠን ከጀርባዬ እየራቁ፣ በፊት ለፊቴ ዞረው መጡ።

“ምን ላይ ነው የምታነጣጥሪው?” አሉኝ።

“ትልቁ ላይ።”

“ተይው ዝንጀሮውን። ገብሱ ላይ አነጣጥሪ።”

“የአያ ይመር ገብስ ላይ?”

“አዎ። መሀሉ ላይ። አደራ፣ በደንብ አድርገሽ።”

አጎቴን አየኋቸው። ገብሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ “ቢስሚላህ በይ” አሉኝ። ወንጭፌን አሹሬ የዓመት ቀለባቸው ላይ፣ ልቤ እስኪቆም ድረስ አነጣጠርሁ። የመጀመሪያው ድንጋይ ትልቁ ዝንጀሮ እግር ሥር ወድቆ አፈር አለበሰው። ሁለተኛው ድንጋይ፣ ዝንጀሮው ሲሸሽ ከፊቱ ቀድሞ ወደቀ።

ያን ቀን እስከ ማታ የአጎቴን ገብስ ስወግር ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዛላ አልተነካም።